በሰው ፊት የተከፈተ አፍ

ሐምዲያ ሸዋ ሮቢት ውስጥ በሹሩባ ሥራ የታወቀች ሴት ነበረች። እጇ ቀላል ነው፤ ሰርግ ወይም በዓል ሲደርስ ሙስሊሟም ክርስቲያኗም እሷ ዘንድ ትመጣለች። ይህን ሥራ ለምን እንደ ወደደችው ግን ለማንም ነግራ አታውቅም። የላይኛው ጥርሷ ተደራርቦ የበቀለ፣ ወደ ፊት ያፈነገጠ ነበር። ልጅ ሳለች አሊዩ አምባ ገበያ ላይ እኩዮቿ «ገጣጣዋ መጣች!» እያሉ ሲስቁባት ነው ያደገችው። ሹሩባ የምትሠራ ሴት ደግሞ የምትቀመጠው ከሰው ጀርባ ነው፤ ስታወራም ስትስቅም አፏን የሚያይባት የለም። ፊት ለፊት ከሰው ጋር ስትሆን በነጠላዋ ጫፍ ትሸፍነዋለች። ባሏ ቃሲም ከተጋቡበት ቀን ጀምሮ እንዲህ ስታደርግ እያየ አንድም ቀን «ለምን?» ብሏት አያውቅም። ለዚህም ወደደችው።

ጣሊያን ሲገባ ቃሲም ዱር ቤቴ ብሎ ወጣ። የአርበኛ ቤት እየተፈለገ የሚቃጠልበት ጊዜ ስለነበር፣ ሐምዲያና አማቷ ራቢዓ ለጎረቤት ሌላ ነገር አወሩ፤ ጨው ሊያመጣ አውሳ ወርዶ በዚያው ቀረ፣ ወባ ሳይገድለው አልቀረም አሉ። ራቢዓማ እንባቸውን እያፈሰሱ ነበር የሚናገሩት። ቃሲም ግን ማሽላው አድጎ ሰው የሚሸፍን ሲሆን በእርሻው መሐል እየተሹለከለከ ብቅ ይልና አይቷቸው ይመለሳል። በሁለተኛው ዓመት ሐምዲያ አረገዘች። ይህንን የሚያውቁት እሷና ራቢዓ ብቻ ነበሩ። ሆዷ ሳይገፋ ማጀቴ ወደሚገኙት ዘመዶቿ እንድትሄድ ተመካከሩ።

ሳትሄድ ጥርሷ ታመመ። ቅርንፉድ ነከሰች፣ ጤና አዳም ያዘች፣ አልሻል አላት። ጉንጯ አብጦ ዓይኗን ደፈነው፤ ትኩሳቱ ያንቀጠቅጣት ጀመር፤ ውሃ እንኳ መዋጥ አቃታት።

«በይ ልጄ፣ ጣሊያኑ ሐኪም ዘንድ ሂጂ» አሏት ራቢዓ።

«እማማ፣ እሞታለሁ እንጂ አልሄድም።»

«ብቻሽን መሰለሽ የምትሞቺው?» አሉና ሆዷን ዳሰስ አደረጓት። ይህን ሲሉ ተነሣች።

ሐኪም ቤቱ ጣሊያኖች መንገድ ዳር የሠሩት የቆርቆሮ ቤት ነው። ክፍሉ አንድ ብቻ ነበር። በወባ የሚንቀጠቀጠው፣ ቁስሉ የሚታጠብለት፣ ልጅ ያዘለችው፣ ሁሉም በግድግዳው ዙሪያ አግዳሚ ላይ ተደርድሮ ተራውን ይጠብቃል። የሚታከመው ሰው መሐል ላይ፣ መስኮቱ ፊት ለፊት ካለው ወንበር ላይ ይቀመጣል። መጋረጃ የለ፣ ክልል የለ። ሐኪሙ አማርኛ ስለማይችል የሚጠይቀውን ሁሉ አስተርጓሚው ብርሃኑ በጩኸት ይናገረዋል፤ በሽተኛውም እየጮኸ ይመልሳል። አንዱ የሌላውን ገመና እየሰማ ነበር የሚውለው።

ሐምዲያ ስትገባ ከተደረደሩት መሐል ደንበኛዋን እትዬ ወርቅነሽን አየች፤ ለኪኒን የመጡ ናቸው። ከእሳቸው አጠገብ የባንዳው አለቃ ዘውዴ ክንዱን ሊያስጠቀልል ተቀምጧል። ዘውዴ «ይህ አውሳ ሄደ የሚሉት ሰውዬ አይጥመኝም» እያለ ሲያጠያይቅ የከረመ ሰው ነው። ልትመለስ አሰበች፤ ተራዋ ግን ደረሰ።

ወንበሩ ላይ አስቀመጧት። ሐኪሙ ነጠላዋን ከአፏ ላይ ገለጠና አገጯን ይዞ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረው፤ አፏንም በጣቶቹ ከፈተው። ከዚያ ገርሞት ይሁን ደስ ብሎት እንጃ፣ ደጅ የቆመውን ሌላ ጣሊያን ጠራ። ሁለቱ ጎንበስ ብለው ጥርሷን እየቆጠሩ፣ እየነካኩ፣ በቋንቋቸው ተጫወቱ። አግዳሚው ላይ ያለውም ሰው ምን ተገኘ ብሎ አንገቱን አሰገገ። አንዲት ሴት «ውይ፣ እንዲህ ነው እንዴ?» ስትል ሰማች። ሐምዲያ ዓይኗን ጨፈነች። ምራቋ በአገጯ ላይ ሲወርድ እንኳ መጥረግ አልቻለችም።

ሐኪሙ ጉጠቱን ከማንሣቱ በፊት አንድ ነገር ጠየቀ። ብርሃኑ እንደ ልማዱ ጮኸ፦ «ነፍሰ ጡር ነሽ ወይ? ማደንዘዣው መድኃኒት ለነፍሰ ጡር አይሆንም፤ ያስወርዳል ይልሻል!»

አግዳሚው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አያት።

አይደለሁም ብትል ልጁ ሊሞት ነው። ነኝ ብትል የቃሲም መምጣት ሊታወቅ ነው።

«እኮ ተናገሪ እንጂ! ነሽ ወይስ አይደለሽም?»

«ነኝ» አለች።

ዘውዴ ከተቀመጠበት ቀና አለ። «ባልሽ አውሳ ሞተ አላላችሁም እንዴ? መጥቶ ነበር ማለት ነው?»

በዚያች ቅጽበት ምን እንዳሰበች በኋላም ለራሷ ማስረዳት አልቻለችም። አንደበቷ ቀደማት።

«የባሌ አይደለም።»

«የማን ነው ታዲያ?»

«የመንገደኛ ነው፤ ስሙንም አላውቅ።»

መጀመሪያ ዘውዴ ሳቀ፤ ከዚያ ሌላው ተከተለው። ብርሃኑ ግን አልሳቀም፤ አቀርቅሮ ለሐኪሙ አንድ ቃል ብቻ ተረጎመለት። ሐኪሙ የጠየቀው ነፍሰ ጡር መሆኗን ብቻ ነበር። መድኃኒቱን መልሶ አስቀመጠና ያለ ማደንዘዣ ነቀለላት። አልጮኸችም። ደሟን በነጠላዋ ይዛ ስትወጣ ቀና ብላ ማንንም አላየችም።

ዘውዴ ቃሲምን ማጠያየቅ ተወ። ከተማው ግን እሷን ያዘ። ወሬው ከእሷ ቀድሞ ነበር ቤት የደረሰው። ራቢዓ ደጃፍ ላይ ቆመው፣ ጎረቤት እየሰማ፣ «የልጄን ስም አጠፋሽ! አላህ ይይልሽ!» እያሉ ሰደቧት። ገብተው በሩን ሲዘጉ እግሯ ላይ ወደቁ። «አውፍ በይኝ ልጄ፣ ካልሰደብኩሽ ማን ያምናል?» ብለው አለቀሱ። ሐምዲያ ለይምሰል እንደሆነ ታውቃለች፤ ስድቡ ግን እውነት ይመስል አሳፈራት።

ደንበኞቿ አንድ በአንድ ቀሩ። እትዬ ወርቅነሽ ብቻ እየመጡ ራሳቸውን ለሹሩባ ይሰጧታል፤ ስለዚያ ቀን አንዲት ቃል አያነሡም። ደግነታቸው ከሌላው ሐሜት ይልቅ ይከብዳት ነበር፤ ሹሩባውን አቻኩላ ትጨርስላቸዋለች። ወሬው ቃሲም ዘንድም ደረሰ። ጓደኞቹ «እንግዲህ ተዋት» ሲሉት፣ «ልጁ የእኔ ነው» ቢል ተደብቆ ወደ ቤቱ መግባቱ ይታወቅበታልና እሱም አቀርቅሮ ዝም አለ።

ጣሊያን ሲወጣ ቃሲም በደህና ተመለሰ። ልጅቱ መሊካ በእግሯ ትሄድ ነበር። ጁምዓ ከሶላት በኋላ መስጊዱ ግቢ ውስጥ ተነሣና፣ «ልጄ ናት፤ ሚስቴ እኔን ለማዳን ነው ስሟን የጣለች» ብሎ ተናገረ። ያሟት ሴቶች ሁሉ «አውፍ በይን» እያሉ መጡ። አውፍ አለቻቸው። ፊታቸውን ቀና ብላ ማየት ግን አልሆነላትም።

«ከዚህ አገር አውጣኝ» አለችው ቃሲምን።

«አሁን? ሰው ሁሉ አክብሮን?»

«ያሉኝንስ ረስቼዋለሁ። አፌን ከፍተው ሲያዩኝ ግን ሁሉም እዚያ ነበሩ።»

ለቃሲም አልገባውም። እሱ በከተማው ተከብሮ መኖር አምሮት ነበር። ሲያጉረመርም ከርሞ በመጨረሻ እሺ አለና ማጀቴ ገቡ። እዚያ ሹሩባ መሥራቷን ቀጠለች፤ ሰዉም ዝምተኛ ሴት ብሎ አወቃት።

ከዓመታት በኋላ እትዬ ወርቅነሽ ለገበያ ማጀቴ መጡ። ሐምዲያ ከሩቅ አየቻቸው፤ እሳቸውም «ሐምዲያን የምታውቁ?» እያሉ እየጠየቁ ነበር። እግሯ ወደ እሳቸው ሊሄድ ሲል አመነታች፤ ከዚያ የማሽላ ጆንያ ከተከመረበት ኋላ ገብታ አጎነበሰች። እትዬ ወርቅነሽ በአጠገቧ አለፉ። ቤቷ ስትደርስ መሊካ ምን እንደሆነች ጠየቀቻት። ሐምዲያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።