የቁም ተዝካር

ደጅ የታሰረው በግ ሌሊት ዝናብ መትቶት ኖሮ ሽታው እዚህ አልጋዬ ድረስ ይመጣል። እርጥብ የበግ ጠጉር ለሌላ ሰው ምን እንደሚያስታውስ አላውቅም። እኔን የሚያስታውሰኝ ኑዛዜን ነው።

በጉን ያመጣው የወንድሜ ልጅ ነው። ትናንት ከአባቴ አገር፣ ከግራና መጥቶ ጉልበቴን ሳመና "እንዴት ሰነበቱ እትዬ? ቀንሰዋልሳ!" አለኝ። ዓይኑ ግን ጣራዬ ላይ ነበር። እናቱን ከቀበርን ወዲህ ደጄን ረግጦ አያውቅም። አንቺ ከወልዲያ እንደምትመጪ ከማን እንደሰማ አልጠየቅሁትም። መርሳ ላይ ወሬ ከአውቶቡስ ይቀድማል።

ቤቴን ለእናንተ ለአረጋውያኑ ማረፊያ ማውረስ ለምን እንደፈለግሁ ጠየቅሽኝ። ጽድቅ ፍለጋ ብቻ እንዳይመስልሽ። ልንገርሽና አንቺው ፍረጂ።

የአባቴ ታላቅ እህት እዚሁ መርሳ፣ መንገዱ ዳር ቤት ነበራት። ልጅ አልወለደችም። ባሏ ሲሞት የተወላትን ባዶ ቦታ ከወንዙ ቦይ ስባ ብርቱካን አለማችበት። አውቶቡስ ሲቆም ብርቱካኑን በሳፋ ይዘን በመስኮት እንሸጥ ነበር። አባቴ እሷ ዘንድ ያስቀመጠኝ እንድማር ነው ይባላል። እናቴን ሲነግራት ግን ሰምቼዋለሁ፤ "ልጅቱ እዚያ ትቀመጥ። የእኛ ሰው ውስጡ ካለ ቤቱ ወዴትም አይሄድ" ነበር ያለው። ሰው የድንበር ድንጋይ እንደሚተክል እኔን መርሳ ተከለኝ።

እኔ ግን ቦታውን ወደድኩት። ጠዋት ፀሐይ በብርቱካኑ ቅጠል መሐል ስትገባ፣ ቦዩ ሲንሿሿ፣ ደብተሬን ይዤ ስወጣ ሌላ ምንም አልፈልግም ነበር። አክስቴ የምትስም ሴት አልነበረችም። ትምህርት ቤት ስሄድ በር ላይ አስቁማ አንገትጌዬን ታስተካክላለች፤ በቃ።

አንድ ቀን ከአውቶቡስ አንዲት አሮጊት ወረዱ። አብሯቸው የነበረው ጎልማሳ ጥላ ሥር አስቀመጣቸውና ውኃ ገዝቶ እንደሚመጣ ነግሯቸው ሄደ። አውቶቡሱ ሲነሣ እሱም ውስጡ ነበር። እሳቸው ግን ልጄ ውኃ ሊገዛ ነው እያሉ እስኪመሽ ጠበቁት። አክስቴ ቤቷ አስገባቻቸው፤ ሰንበት ብላ ደግሞ ወልዲያ ወሰደቻቸው። ያኔ ማረፊያችሁ ምእመናን ተሰባስበው ጧሪ ለሌላቸው አረጋውያን ያቆሙት፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ ያለ የጭቃ ቤት ነበር። አክስቴ ከዚያ ስትመለስ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ ዛፎቹ መሐል ገብታ ብዙ ቆመች።

ብዙም ሳትቆይ ወደ ወንድሞቿ ላከችባቸው። ተዝካሬን በቁሜ ላወጣ ነው፤ ኑዛዜዬንም በዚያው ቀን እናገራለሁ አለች።

የቁም ተዝካር ዛሬ ብዙም አይታይም። ወራሹን ያላመነ ሰው፣ ከሞተ በኋላ የሚደገስለትን በሕይወት እያለ፣ በዓይኑ እያየ ያበላል። አባቴና ሁለቱ አጎቶቼ ያላመነችው እነሱን መሆኑን መጠርጠር ሲገባቸው፣ ታማለች ብለው ደመደሙ። በዋዜማው አባቴ ዝናብ የመታው ሙክት እየጎተተ መጣ። መካከለኛው አጎቴ ቅቤ አስይዞ፣ ታናሹ ጤፍ በአህያ ጭኖ ደረሱ።

"የት ላይ ነው የሚያምሽ፣ እታለም?" አላት አባቴ።

"እግሬን ነው፣ ከመቆም ብዛት" አለችው።

ዳሱ ሥር ሲቀላለዱ እኔ ድስት እያጠብኩ እሰማቸዋለሁ። መካከለኛው አጎቴ የሙክቱን የከሳ ጎን ዳበስ አደረገና "ይኼ በግ እሷን እንዳይቀድማት። ነገ የማንን ተዝካር ልንበላ ነው?" አለ። አባቴም "ያንተን ቅቤስ ላም አይታው ታውቃለች?" አለው። ሦስቱ ወንድማማቾች እንዲያ ሲሳሳቁ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እያንዳንዱ ቤቱ ለእኔ ነው ብሎ ስላመነ ለሌላው አዝኖለት ነበር።

በማግሥቱ ከወልዲያ የጭነት መኪና መጣ። አረጋውያን በትራቸውን እየተደገፉ ወረዱ፤ ልጃቸው ትቷቸው የሄደው አሮጊትም አብረው ነበሩ። አክስቴ ከወንድሞቿ በላይ አስቀመጠቻቸው። የአባቴን ሙክት በአጎቴ ቅቤ በሉት። ተበልቶ ካለቀ በኋላ የነፍስ አባቷ ጸሎት አደረሱ፤ እሷም ምሰሶውን ይዛ ቆመች።

"ቤቴንና አትክልቴን፣ ከእኔ በኋላ፣ ለወልዲያው የአረጋውያን ማረፊያ ሰጥቻለሁ። ምስክሮቼ እናንተ ናችሁ" አለች ወደ አገር ሽማግሌዎቹ ዞራ።

አባቴ ከተቀመጠበት ተነሣ።

"እኛስ፣ እታለም? ሥጋሽ አይደለንም?"

"ተዝካሬን በላችሁ እኮ። ሙት ደግሞ አይጠየቅም" አለችው።

ከአረጋውያኑ አንዱ "አሜን" አሉ።

በበነጋው አባቴ ልብሴን እንድሰበስብ አዘዘኝ። ድንበሩ ከተወሰደ ድንጋዩ ምን ያደርጋል? እኛ ቀበሌ ያኔ ትምህርት ቤት አልነበረም። ከመርሳ መውጣት ደብተሬን ማጠፍ እንደነበር አባቴም ያውቃል፣ አክስቴም ታውቃለች። እኔ የጠበቅሁት አንዲት ቃል ነበር። "ትቅርልኝ" ብትለው አባቴ እምቢ ይላት እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

በር ላይ ቆማ ነበር። "እትዬ፣ ልሂድ ወይ?" አልኳት።

በእጇ ጠራችኝ። እንደ ትምህርት ቤቱ ጠዋት ሁሉ አንገትጌዬን አስተካከለችልኝ። ጣቷ የብርቱካን ልጣጭ ይሸታል። ከዚያ አፏን ወደ ጆሮዬ አስጠግታ የክርስትና ስሟን ነገረችኝ።

"እንዳትረሽው። ሌላ የሚያውቀው የነፍስ አባቴ ብቻ ነው" አለችና ወደ ውስጥ ገባች።

እኔ ግን ተናደድኩ። ስም አይበላ፣ አይለበስ፣ ትምህርት ቤት አያስገባ። ግራና እስክንደርስ ድረስ አለቀስኩ፤ አባቴ ስለ ሙክቱ ሲያጉረመርም ለቅሶዬን አልሰማም።

በኋላ መሬቱ ከእኛ ጋር ለሚዋሰን ሰው ዳረኝ። አባቴ ድንጋይ መትከል ይወድ ነበር።

አክስቴም አልሞተችም። ተዝካሯ ከተበላ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረች። ጎረቤት እህታችሁን ጠይቋት ሲላቸው አጎቶቼ "ተዝካሯን በልተን የለም እንዴ? የሞተ ሰው ቤት ምን ልንል እንሄዳለን?" ይሉ ነበር። ቀልዱ የእሷ ነበር፤ እነሱ ግን ዕድሜ ልክ ኖሩበት። እኔ ገበያ ስወርድ ከሩቅ አያታለሁ። ሳፋዋን ይዛ አውቶቡስ ትጠብቃለች። አልጠራችኝም፤ እኔም አልሄድኩም። ዘራችን እንዲያ ነው።

ስትሞት ግን ወንድሞቿ ከሁሉ ቀደሙ። አስከሬኗን አንሥተው ግራና፣ አባቶቻችን ወደተቀበሩበት ቤተ ክርስቲያን ወሰዱት። ከእህትነት አልነበረም። አባቴ "የቀበረ ይወርሳል" ሲል እዚያው ነበርኩ።

የነፍስ አባቷ ቀድመዋት አርፈዋል፤ የእኛው ቄስ ደግሞ ለአገሩ አዲስ ነበሩ። ፍትሐቱ ሊጀመር ሲል የክርስትና ስሟ ማን እንደሆነ ጠየቁ። አባቴ ሁላችን የምንጠራትን ስም ነገራቸው።

"እሱ የዓለም ስሟ ነው። በክርስትና ማን ትባላለች?" አሉ።

አባቴ መካከለኛውን አጎቴን አየ። እሱ ታናሹን አየ። ታናሹ ነጠላውን ማስተካከል ያዘ። የቤቷን ቆርቆሮ ብዛት ቢጠየቁ ኖሮ ሦስቱም በአንድ አፍ ይመልሱ ነበር። ከወልዲያ የመጡት አረጋውያን ቅጥሩን ተደግፈው ቆመዋል፤ እነሱም አያውቁም። ዝናብ ሊጥል ደመናው ወርዶ ነበርና የተቆፈረው አፈር ሽታ አፍንጫዬን ሞላው።

ከሴቶቹ መሐል ሆኜ ስሟን ተናገርኩ።

ቄሱ ዞር ብለው "አንቺ ምኗ ነሽ?" አሉኝ።

"አሳድጋኛለች" አልኳቸው። በሕይወቷ ሳለች ይህን ብያት አላውቅም።

ስሟን ተቀብለው ጸሎቱን ጀመሩ። አባቴ ግን እኔን እያየ ቀረ። ቤቱ በሽማግሌዎቹ ምስክርነት ለእናንተ መሆኑን ታውቂያለሽ፤ ወንድሞቿ ጥቂት ተከራክረው ደከማቸው። አባቴ ያን ቀን ያየኝን አስተያየት ግን እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው። በልጅነቴ ካጠፍኩት ደብተር ጋር ባይተካከልም በቂዬ ነበር።

ከዚያ ባሌን ትቼ መርሳ ተመለስኩ። አንድ ልጅ ነበረችኝ፤ አላደገችልኝም። ብርቱካን በሳፋ እየሸጥኩ ይህን ቤት ሠራሁ። በየዓመቱ አክስቴ ባረፈችበት ቀን ጧፍ ይዤ እሄዳለሁ፤ ስሟን ለቄሱ እሰጣለሁ። ዘንድሮ ጉልበቴ እምቢ አለኝ።

ትናንት የወንድሜን ልጅ ሞከርኩት። በጉን አስሮ ሲቀመጥ የክርስትና ስሜን ያውቀው እንደሆነ ጠየቅሁት። ሳቀ። "እትዬ፣ በዚህ ዘመን ደግሞ ምን ያደርጋል?" አለኝ። ቢያውቀው ኖሮ ዛሬ ምን እንደምልሽ እንጃ። አመሰገንኩት፣ መረቅሁት፣ ሸኘሁት። ሲወጣ ጣራዬን ዞሮ አየው።

በጉን ስትመለሺ መኪናው ላይ ጫኚውና ለአረጋውያኑ ይታረድላቸው። አባቴ ካመጣው ይሻላል፤ ሥጋ አለው። ቤቱንም ምስክሮቹ ሲመጡ እፈርምልሻለሁ። ከእናንተ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ በዓመት አንድ ቀን ሁለት ስም እንድታስጠሩልኝ። አንዱ የእሷ ነው፣ ሌላው የእኔ።

ምስክሮቹ እስኪመጡ አልጠብቅም፤ ስሞቹን አሁን እነግርሻለሁ። ጠጋ በይ ልጄ። አንገትጌሽም ተጣጥፏል፤ ቆይ ላስተካክልልሽ።