ሞተር የማያጠፋው ሰውዬ

ሰውዬው ዛሬም በመኪናው ተጎታቹን እያንገጫገጨ ወደ ጋራዡ ሲመጣ የመካኒኩ ደም ፈላ። ተጎታቹ ላይ አልጋ፣ ቁም ሳጥንና ከፈረሰ ቤት ከነቁልፉ የተነቀለ በር ታስሯል።

መካኒኩ የካምቢዮውን ዘይት መለኪያ መዝዞ አሸተተ፤ ዘይቱ አርሯል።

«ባለፈው ዘይት ስጨምርልህ ምን አልኩህ? አውቶማቲክ ካምቢዮ ይሄን ሁሉ እየጎተተ ዳገት ሲወጣ እሳት ይሆናል። ማቀዝቀዣ አስገጥምለት፣ መንገድ ላይም እየቆምክ አሳርፈው አላልኩህም? ጆሮ ዳባ ልበስ አልክ!»

«አልቆምም። ሥራህን ሥራና ሸኘኝ።»

ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፏል። ወንበር ሲሰጡት አይቀመጥም፤ ምስጋና የሚባል ከአፉ አይወጣም፤ ሞተሩንም አያጠፋም።

«ዘይቱ መቀየር አለበት። አጥፋው!»

ሰውዬው ንቅንቅ አላለም። የመካኒኩ ትዕግሥት አለቀና እጁን በመስኮት ሰዶ ቁልፉን ራሱ አዞረው።

ሞተሩ ጸጥ አለ። ከሹፌሩ ወንበር አጠገብ ብርድ ልብስ ተከናንበው ያንቀላፉ አሮጊት ብንን አሉ።

«ልጄ፣ ቤታችን ደረስን?»

የሰውዬው ፊት ዐመድ መሰለ። በመካኒኩ ላይ አፈጠጠ።

«አጠፋኸው አይደል? በል እንግዲህ፣ አንተው መልስላት።»