ግንቡ ሥር ያለው ውሃ

ፀሐይ ያሞቀው ዳቦ ከቲማቲምና ከዘይት ጋር ሲሸተኝ፣ ከሮም በባቡር እንሄድበት የነበረው የሳንታ ሴቬራ ባሕር ዳርቻ ከነግንቡ ይመጣብኛል።

ዘመኑ የደርግ ነበር። አባቴ ጎንደር ታስሮ፣ እናቴ ሮም ሰው ቤት እያደረች ትሠራ ነበር፤ እኔ መነኮሳት ዘንድ ስለማድር የምንገናኘው ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ብቻ ነበር። በብርዱ ወራት ተርሚኒ ጣቢያ ተጠጋግተን ተቀምጠን፣ ጎንደር ፋሲል ግንብ ሥር ያለው ውሃ በጥምቀት ከተባረከ በኋላ ወጣቱ ከነልብሱ ዘሎ ሲገባ፣ እሷና አባቴም ገና ሳይጋቡ እዚያ ሲረጫጩ ትተርክልኝ ነበር።

ሙቀቱ ሲመጣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ወደ ባሕሩ እንወርድ ነበር። ውሃው ረጋ ያለ ነው፣ እስከ ግንቡ እግር ድረስ ይመጣል። እናቴ ግንቡን ባየች ቁጥር «ቁርጥ የእኛ ፋሲል» ትላለች፤ ግን ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ ለፍልሰታ ጾም የያዘችውን ዳቦ በጨርቅ ሸፍና አሸዋው ላይ ትቀመጣለች። እጇን ብጎትታት አትነሳም። ምጽዋ ያደጉት ጓደኛዋ እትዬ አልጋነሽ ቀሚሳቸውን ሰብስበው እስከ ጉልበታቸው ይገቡና ጣሊያንኛ እየቀላቀሉ ይተርቧት ነበር።

«አሎራ ጎንደሬ፣ ግንቡ ይኸው፣ ውሃው ይኸው፤ የቀረሽ ቄስ ነው?»

አንድ ቀን እናቴ ቀስ ብላ መለሰች። «እሱ ታስሮ እኔ በውሃ ልጫወት፣ እትዬ? ሲፈታ እገባለሁ።»

ከዚያ ወዲያ እትዬ አልጋነሽ አልተረቧትም፤ እኔም እጇን መጎተት ተውኩ።

በጥቅምት፣ ዋናተኛው ሁሉ ከሄደ በኋላ፣ አንድ ሐሙስ እናቴ መጥታ ካፖርቴን አስለበሰችኝና ባቡር ተሳፈርን። ዳርቻው ላይ ሰው አልነበረም። ጫማዋን አወለቀች፣ አማተበች፣ ከነቀሚሷ ገባች። ውሃው ወገቧ ሲደርስ ዞር ብላ በሁለት እጇ ዘግና ረጨችኝ።

«አባትሽ ተፈታ» አለችኝ።

አባቴ ሮም የደረሰው ከዓመታት በኋላ ነበር። እናቴ በመጀመሪያው እሑድ ግንቡን አሳየችውና «አይመስልም?» አለችው። አተኩሮ አየውና «ቁርጥ እሱን» አላት።

ዛሬ ግንቡ ሙዚየም ሆኗል፣ ዳርቻውም በጃንጥላ ተሞልቷል። እኔ በሥራ ምክንያት ጎንደር ሄጄ የፋሲልን ግንብ አይቻለሁ፤ ማማውም፣ አቀማመጡም፣ ድንጋዩም አይመሳሰልም። አባቴ እዚያው ሥር ተወልዶ ያደገ ሰው ስለሆነ ይህንን ያውቅ ነበር። አሁን አያታቸው ውሃ እየረጨቻቸው የሚሯሯጡት ልጆቼ፣ እውነት ፋሲልን ይመስላል ወይ ብለው ሲጠይቁኝ፣ እኔም «ቁርጥ እሱን» እላቸዋለሁ።