ዘንጓ የሰማችው

ጠዋት ጠዋት ሽማግሌው ፊታቸውን ሳይታጠቡ ወደ ጓሮ ይወጣሉ። ክንድ የምታህለውን የእንጨት ዘንግ አንዱን ጫፍ ቀፎው ላይ፣ ሌላውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ንቦቹ ደህና አድረው ከሆነ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ይገባሉ። ካልሆነ የዚያን ቀን ቁርስ የለም።

ዘንጓ ከመሥሪያ ቤት የተረፈች ናት። ሽማግሌው ጉልበታቸውን የጨረሱት ለከተማው ውሃ በሚገፋ የፓምፕ ጣቢያ ውስጥ ነው። ኢንጂነር ነበሩ፤ ሠራተኛው ግን «ሐኪሙ» ነበር የሚላቸው። ዘንጓን የፓምፑ ገላ ላይ ደገፍ አድርገው ያዳምጡና፣ «የዚህኛው መሽከርከሪያ ኩሽኔታ አልቋል፤ ሳምንት አይቆይም» ይላሉ። ማሽኑ ይቁም ሲሉም ይቆማል። አለቆች ሪፖርቱን እንዲያለዝቡላቸው ሲለምኗቸው መልሳቸው አንድ ነበር፦ «የሰማሁትን አልውጥም።»

እንዲህ ብለው ፓምፕ ባስቆሙ ቁጥር ሰፈሩ ሁሉ ባልዲ ተሸክሞ ይረግማቸዋል። አንድ ቀን ባለቤታቸውም ባዶ ጀሪካን ይዘው በር ላይ ጠበቋቸው።

«ሐኪሙ፣ በሽተኛህ ዳነልህ? እኛ በውሃ ጥም ማለቃችን ነው!»

«ነገ ይድናል።»

«እንግዲያው እራትህን እሱ ይሥራልህ።»

እኚያ ቀልደኛ ሴት ካረፉ ልክ የልጅ ልጃቸውን ዕድሜ ያህል ሆነ። ክፍላቸው እንደተቆለፈ ነው። ሽማግሌው ጡረታ ሲወጡ ንብ ማነብ ጀመሩ፤ ዝም ያለ ቤት ውስጥ የሚያዳምጡት ቢያጡ ነው።

አንዲት ልጅ አለቻቸው። እናቷ በሕይወት ሳሉ አባቷን «አንተ» ነበር የምትላቸው፤ ከቀብሩ ወዲህ ግን «እርስዎ» ሆኑባት። አልፎ አልፎ ትመጣለች። ኮቷን ሳታወልቅ ሶፋው ጫፍ ላይ ትቀመጣለች፣ መድኃኒታቸውን አይታ ትሄዳለች። እናቷን ሳትሰናበት መቅረቷን ይቅር አላለቻቸውም።

ባለፈው ከልጇ ጋር ስትመጣ፣ ከስንት ዓመት በኋላ፣ አወጣችው።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት። የፓምፕ ሕመም ከግድግዳ ማዶ የሚሰማ ሰው የሚስቱን ልብ እንዴት አይሰማም? ለምን አልጠሩኝም?»

ሽማግሌው ጣታቸውን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አመላለሱ።

«አልሰማሁም።»

«ይሁን» አለችና ቦርሳዋን አነሳች።

ልጇ ግን አብራት አልሄደችም። ዩኒቨርሲቲ ግጥም የተማረች፣ ሰው ፊት ቃል የሚያንቃት ልጅ ናት። የጡረተኞች ማኅበሩ ለሚያሳትመው መጽሔት የአያቷን ሕይወት ልትጽፍ ነበር የመጣችው። ተከትላቸው ጓሮ ወጣች፤ ቀፎው አጠገብ እንደቆሙ፣ ጀርባቸውን ሰጥተው ለልጃቸው ያልነገሩትን ነገሯት።

«ስለ ፓምፖቹ ጻፊ። ስለ ንቦቹም። ይቺን ግን ተያት።»

«አባባ፣ እማዬ ብታውቅ እኮ…»

«እናትሽ እኔን መቀየም ለምዳዋለች፤ እኔም ለምጄዋለሁ። ብታውቅ ቂሟን የት ልታደርገው ነው? ወይ ሟች እናቷ ላይ፣ ወይ አንቺ ላይ።»

ልጅቷ ዘንጓን ከእጃቸው ወስዳ፣ እንደ ጨዋታ፣ ደረታቸው ላይ አሳረፈቻት። ሳቁ።

«እሺ ሐኪም፣ ምን ሰማሽ?»

ምት፣ ከዚያ ረጅም ዝምታ፣ ከዚያ ሁለት ምት ተደራርቦ።

«ደህና ነህ» አለቻቸው።

ፊቷን አዩትና ሌላ አልጠየቁም። እሷም እቤቷ ስትደርስ ለመጽሔቱ ሳይሆን ለእናቷ መጻፍ ጀመረች። ተያት ያሏት ይህችን ነው።

ባለቤታቸው ታመው ተኝተው ሳሉ፣ «እስቲ እኔንም እንደ ፓምፕህ አድምጠኝ» አሏቸው። ሽማግሌው ዘንጓን ደረታቸው ላይ አድርገው አዳመጡ፤ ቆዩ።

«ንገረኝ እንጂ።»

«ሳምንት አይቆይም።»

«እንግዲያው ስማኝ። ልጄ መውለጃዋ ደርሷል፤ ከአልጋ እንዳትነሳ ተብላለች። ብትሰማ በሩጫ ትመጣለች፤ ጽንሷንም ታጣለች። ካለፍኩ በኋላም ብትጠይቅህ አልሰማሁም በላት።»

«እኔ የሰማሁትን አልውጥም።»

«አውቃለሁ፤ ይቺን አንዷን ብቻ ዋጥልኝ።»

ዋጡላቸው።