ሁለት ትልም

ከጋይንት የወጣሁ ለት ጎህ ሳይቀድ ነው የተነሳነው፤ ከንፋስ መውጫ የሚነሳው ሚኒባስ እንዳያመልጠኝ። ወንድሜ አስማረ ሻንጣዬን ተሸክሞ ከፊት፣ እኔ በሶዬን በከረጢት አንጠልጥዬ ከኋላ። ጎረቤታችን አያ ደምሴ በሬዎቻቸውን እየነዱ መንገድ ላይ አገኙን።

«እዚያ ፈረንጅ አገር ምን ልትማር ነው?» አሉኝ።

«አገርና አገር በድንበር ሲጣላ የሚዳኝበትን ሕግ ነው፣ አያ ደምሴ።»

ትንሽ አዩኝና፣ «እሱስ ደግ ነው። ቶሎ ና፤» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

አንገቴን ደፋሁ። ፊደል የቆጠርኩት በሃያ አራት ዓመቴ ነው፤ ከዚያ በፊት ገበሬ ነበርኩ፣ ያውም ቀማኛ ገበሬ። አንድ ክረምት ሳርስ፣ የእኛንና የአያ ደምሴን እርሻ የሚለየውን ድንጋይ አንስቼ ሁለት ትልም ወደ እሳቸው ገፋሁት። ገብስ ዘራሁበት። ማንም አላየኝም ብዬ ነበር፣ እሳቸውም ምንም አላሉም። አባቴ ሲሞት መሬቱ ለአስማረ ደረሰው፤ ድንጋዩም አብሮ።

ሆላንድ ስገባ የኢሚግሬሽኑ ሰውዬ ከወረቀቴ በፊት እግሬን አየ።

«ወደ ኋላ ተመለስ፤ ቢጫውን መስመር አልፈሃል።»

ተመለስኩ።

«ምን ልትሠራ መጣህ?»

«የድንበር ሕግ ልማር።»

አልሳቀም። እዚያ አገር ሹም በሥራ ሰዓት አይስቅም፤ የእኛዎቹ ቢያንስ እያላገጡ ነው የሚያመላልሱህ። ያከራየችኝ አሮጊት ደግሞ የወጥ ቤቱን መደርደሪያ በፕላስተር ለሁለት ከፍላዋለች። ቦታ ሲጠበኝ በሶዬን ወደ እሷ በኩል ትንሽ ጠጋ አደረግሁት። አመል አይለቅም።

«ይኸ አሸዋ ያንተ ነው?»

«ምግብ ነው፣ እማማ።»

«እናትህ አይደለሁም። ምግብም ሆነ አሸዋ፣ ከመስመሩ ወዲያ መልሰው።»

ከአያ ደምሴ ይልቅ ይህች ሴትዮ ሕግ ታውቃለች አልኩ በሆዴ።

ተማርኩ፣ አስተማርኩ፣ ፕሮፌሰር ተባልኩ። ዛሬም መስመሩን በጣቴ እየተከተልኩ ነው የማነበው፤ ባልደረቦቼ ጥንቃቄ ይመስላቸዋል። አንድ ጊዜ ጥቁር ካባ ለብሼ፣ ለአንድ መንግሥት ጠበቃ ሆኜ፣ ከየአገሩ በተሰበሰቡ ዳኞች ፊት ቆምኩ። «ጎረቤቱ አገር እያየ ይህን ሁሉ ዘመን ዝም ካለ ድንበሩን ተቀብሏል ማለት ነው፤» ብዬ ተከራከርኩና ረታሁ። ክርክሩን ከየት አመጣኸው ሲሉኝ ከእርሻችን አላልኩም።

ባለፈው ሳምንት አስማረ ደወለ።

«አያ ደምሴ መሬታቸውን ለልጆቻቸው ሊያካፍሉ ነው። ድንጋዩ ቦታው ላይ አይደለም ይላሉ። እኔ እሑድ ቤተ ልሔም ቤተ ክርስቲያን ሄጄ እምላለሁ ብያለሁ። ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጌዋለሁ፣ ሽማግሎቹም አያ ደምሴም እዚሁ ተቀምጠው ይሰሙሃል፤ አንተም መስክርልኝ። የተማርክ ነህ፣ ያምኑሃል።»

በሐሰት ምሏል የተባለ ሰው ልጁን ማን እንደሚያገባለት እናንተም ታውቃላችሁ። አስማረ ሁለት ሴት ልጆች አሉት።

«አስማረ፣ አትማል።»

«ለምን?»

«ድንጋዩን የገፋሁት እኔ ነኝ። ሁለት ትልም።»

አስማረ «ይኸን ሁሉ ዓመት…» ብሎ ሳይጨርስ ስልኩን አያ ደምሴ ተቀበሉት። ድምፃቸው ደክሟል።

«ያን ለት ከማዶ ሆኜ አይቼሃለሁ እኮ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉኝ?»

«ልጅ ነው፣ ልብ ሲገዛ ራሱ ይመልሰዋል ብዬ ነዋ። አሁንም አስማረ አይነካውም፣ እኔም አልነካውም። ያነሳው ሰው ይመልሰው። መቼ ነው የምትመጣው?»

«መንገዱ ሰላም ሲሆን፣ አያ ደምሴ።»

«እንግዲያው ማካፈሉ ይቆይ። ብቻ እኔም አርጅቻለሁ፤» አሉና ስልኩን ለአስማረ መለሱለት።

አስማረ ሳይዘጋው አንድ ቦታ አስቀመጠው። እኔም አልዘጋሁም፤ ስለ ዘንድሮው ገብስ ሲያወሩ፣ ባትሪው እስኪያልቅ ቆሜ ሰማኋቸው።