ሬዲዮ ጠጋኙ በድረዲንና አራቱ ሜሞሪዎች

«ሰማንያ ዓመተ ምሕረት፣ መጋቢት ነበር።» ጥሩወርቅ ሲጠይቋት እንዲህ ብላ ትጀምርና ወዲያው ራሷን ታርማለች። «ቆይ፣ መጋቢት ሊሆን አይችልም። ለጋሼ በድረዲን ውኃ ባቀርብላቸው አልጠጣም ብለውኛል፤ ጾም ላይ ነበሩ። ረመዳን ደግሞ በዚያ ዓመት ከፋሲካ ወዲህ ነው የገባው። እንግዲያው ሚያዝያ ነው። ወይ ግንቦት መባቻ።» ቀኑ ጠፋት እንጂ ሌላው አልጠፋትም። የሰውየው የግንባር ላብ፣ የካቻቢቴው ቢጫ እጀታ፣ ከቆርቆሮው ጣሪያ የሚወርደው የቆቦ ሙቀት ሁሉም እንደ ትናንት ነው።

በድረዲን ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። ሱቁ ከቆቦ ገበያ ጀርባ ናት፤ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ ይቆማል። በመደርደሪያው የተሰለፉት ሬዲዮዎች የባለቤታቸው ስም በፕላስተር ተለጥፎባቸው ተራቸውን ይጠብቃሉ። ተወልዶ ያደገው በዋጃ በኩል ነው፤ አባቱ ባለ አንድ በሬ ገበሬ ነበሩ። ሙያውን የት እንደተማረ ግን በእርግጥ የሚያውቅ አልነበረም። አንዱ አሰብ ይላል፣ አንዱ አሥመራ። ለጠየቀው ሁሉ መልሱ አንድ ነው፤ «የተበላሸ ሬዲዮ ራሱ ያስተምራል፤ ደመወዝም አይጠይቅ።»

አንድ ልማድ ነበረው። ጠግኖ ሲጨርስ የሬዲዮውን መርፌ ወደ አዲስ አበባ ጣቢያ መልሶ ነው ለባለቤቱ የሚያስረክበው። ሬዲዮው ሲመጣ መርፌው የት ቆሞ እንደነበር፣ ባለቤቱ በሩን ዘግቶ የማንን ወሬ ሲያዳምጥ እንደከረመ ከበድረዲን በቀር ያየ የለም። እሱም አይቶ እንዳላየ ይሆናል። በዚያ ዘመን የአማፂያንን ሬዲዮ ማዳመጥ ያሳስር ነበርና ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም።

ጥሩወርቅ ያን ጊዜ የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ፣ ወደ ሮቢት መውጫ ባለ የጉድጓድ ውኃ ፕሮጀክት ቢሮ ታይፒስት ነበረች። ፕሮጀክቱ በራያ ቆላ የቆፈራቸውን ጉድጓዶች ጥልቀትና የውኃ መጠን መዝገብ በመዝገብ ላይ ሲከምር ኖሮ አንድ ቀን ከአዲስ አበባ ኮምፒዩተር ተላከለት። ተላከለት ይባል እንጂ በሦስት ካርቶን ተበታትኖ ነው የመጣው። ሊገጣጥመው የታዘዘው ባለሙያ መንገዱን ፈርቶ ከደሴ ተመለሰ። ኃላፊው አቶ ደሳለኝ ካርቶኖቹን ሳምንት ሙሉ ሲዞሯቸው ሰንብተው ጥሩወርቅን አስጠሯት።

«እስከ ቅዳሜ ካልሠራ ተጭኖ ደሴ ይሄዳል፤ የመረጃ ሥራው እዚያ ይሁን ተብሏል። አንቺም አብረሽ ትዛወሪያለሽ።»

«እናቴስ?»

«ይዘሻቸው ሂጂያ።»

እናቷ ወይዘሮ አበበች ዓይናቸው ከጠፋ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ከአልጋቸው እስከ ደጃፉ፣ ከደጃፉ እስከ ጎረቤታቸው ሰይዳ ቤት ያለውን መንገድ በእርምጃ ቆጥረው ያውቁታል። ከዚያ ግቢ ማውጣት ዳግመኛ ማሳወር ነው። ጥሩወርቅ ይህን ለኃላፊው መናገር አቅቷት ደጅ ወጥታ ለዘበኛው ለፈንታው ነገረችው።

«ለዚህ ነው የምታለቅሺ?» አላት። «በድረዲን አለ አይደል? የሞተ ሬዲዮ የሚያስለፈልፍ ሰው ይሄ ሳጥን ያቅተዋል? የእናትሽም ሬዲዮ እሱው ጋ አይደል ያለው?»

እሱው ጋ ነበር። ወይዘሮ አበበች ከዓይናቸው ቀጥሎ ያጡት ሬዲዮአቸውን ነበርና በየቀኑ «አልተሠራም?» ይሏታል።

ረቡዕ ጧት በድረዲን መጣ። ከማሽኑ ጋር የመጣችውን የመመሪያ መጽሐፍ ሥዕል በሥዕል እያየ፣ ቦርዱን በብሎን ከሳጥኑ ጋር አሰረ፣ ገመዶቹን አገናኘ። እኩለ ቀን ላይ የቀሩት የጣት ርዝመት ያላቸው አራት ስስ ቁራጮች ብቻ ነበሩ።

«ሜሞሪ የሚሏት ይቺ ናት» አላት። «ማሽኑ ሲሠራ የያዘውን ሁሉ የሚያኖርባት። ያለሷ ሌላው ቢሟላለትም አንድ ሲሉት አንዱን አያስታውስም።»

ከመንካቱ በፊት የመስኮቱን ብረት በመዳፉ ጨበጥ አደረገ። «በደረቅ አየር ገላችን ኤሌክትሪክ ያጠራቅማል። ለኛ ምንም አይደለ፤ እሷን ግን ይገድላታል።»

አራቱ ቁራጮች አንድ ዓይነት አልነበሩም። በሁለቱ ላይ 256 የሚል ቁጥር አለ፣ በሁለቱ ላይ 1024። የኋለኞቹ ብዙ ይይዛሉ፣ የፊተኞቹ ጥቂት። በቦርዱ ላይ ደግሞ በሁለት ረድፍ ሁለት ሁለት ማስገቢያ አለ። መጽሐፏ በጥንድ ግጠም ትላለች፤ ማን ከማን ጋር እንደሚገጥም የሚናገረው ገጽ ግን መንገድ ላይ ውኃ ነክቶት ተጣብቋል።

ፈንታው ከበሩ አንገቱን አስገባ። «ይሄማ ጥማድ ነው! ወይፈን ከወይፈን ይጠመዳል እንዴ? አንዱን ትልቅ ካንዱ ትንሽ ጥመድ፤ ትልቁ ትንሹን ይገራዋል።»

«አንተ ዘበኛ ነህ ወይስ መሐንዲስ?»

«የራያ ገበሬ ነኝ! በሬ ሳልገራ ጠመንጃ የያዝሁ መሰለህ?»

በድረዲን ሳቀ። እሱም የገበሬ ልጅ ነውና ነገሩ ልቡ ገባ። በየረድፉ አንድ ትልቅ አንድ ትንሽ አደረገ። ቁራጩን ዘንበል አድርጎ ያስገባል፣ ቀስ አድርጎ ያቆመዋል፣ ጎንና ጎኑ ያሉት መያዣዎች «ቀጭ» ይላሉ። አራት ጊዜ ቀጭ አለ። ጄኔሬተሩ ተነሣ። ማሽኑ ሦስት ጊዜ ጮኸና ዝም አለ፤ የማሳያው መስተዋት እንደጠቆረ ቀረ።

አወጣቸው፣ እግራቸውን በላጲስ ጠረገ፣ ቦታ አለዋወጠ፤ አሁንም በየረድፉ ትልቅ ከትንሽ። ሦስት ጩኸት። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ዕቃውን ሰበሰበ። ከንፈሩ በጥም ደርቋል።

«ነገ ኢንሻአላህ» አለ።

ሐሙስ እስከ አራት ሰዓት አልመጣም። ጥሩወርቅ ተስፋ ቆርጦ ቀረ ብላ ደምድማ ነበር፤ የእናቷን ልብስ በልቧ ማጠፍ ጀምራለች። ሲመጣ ቀጥታ ወደ ዘበኛው ሄደ።

«ፈንታው፣ ወይፈን ሲገራ ስንት ቀን ይፈጃል?»

«እንደ ወይፈኑ ነው። ሳምንትም፣ አሥራ አምስት ቀንም።»

«ከዚያ በኋላስ፣ ለእርሻው?»

«ለእርሻውማ እኩያውን ትፈልግለታለህ። አለዚያ ቀንበሩ ያዘነብላል፣ ትልሙም ይጣመማል።»

«በል፣ እኛ ያለነው እርሻው ላይ ነው። እዚህ የሚገራ ወይፈን የለም።»

ወደ ውስጥ ገብቶ ቁራጮቹን እያወጣ፣ ለጥሩወርቅ ይሁን ለራሱ በማይለይ ድምፅ አወራ። «አባቴ አንድ በሬ ነበራቸው፣ ጎረቤታችን ሞላም አንድ። ተቀናጅተው ስንት ዓመት አረሱ። በሬዎቹ በትከሻም በእርምጃም እኩል ነበሩ። የኛው ሞተና አባቴ ሌላ ገዙ፤ ደህና በሬ ነበር፣ ግን ከሞላ በሬ ጋር አልሄድ አለ። ሁለቱ ሰዎች ሳይጣሉ ተለያዩ። እኔም ያኔ ነው ከቤት የወጣሁት።»

«ወዴት ሄዱ ጋሼ?»

«እስቲ ጄኔሬተሩን አስነሺልኝ።»

በአንዱ ረድፍ ሁለቱ ትልልቆች፣ በሌላው ሁለቱ ትንንሾች። ማሽኑ አንድ ጊዜ ብቻ ጮኸ። ከጥቁሩ መስተዋት ላይ አረንጓዴ ቁጥር ብቅ አለና መሮጥ ጀመረ፤ ስድስት መቶ፣ ሺህ፣ ሁለት ሺህ። 2560 ላይ ቆመ። በድረዲን በጣቱ ጠረጴዛው ላይ ደመረና «አልሐምዱሊላህ፣ የአራቱም አልጎደለም» አለ። ፈንታው ደጅ ሆኖ «እኔ ያልሁት አይደል!» ሲል ጥሩወርቅ እየሳቀች አለቀሰች። እናቷ ከደጃፋቸው አይነቀሉም።

አቶ ደሳለኝ ክፍያውን ሲጠይቁት በድረዲን ገንዘብ አልፈልግም አለ። የፈለገው ከሰዓት በኋላ በሚወጣው የፕሮጀክቱ መኪና እስከ ኮምቦልቻ የሚያደርስ የይለፍ ደብዳቤ ነበር። ኃላፊው ለአፍታ አዩትና «ጻፊለት» አሏት።

ምሥጢሩን የነገራት ፈንታው ነው፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ትናንት ማታ ቀበሌ ጠርተውት ነበር አሉ። የማን ሬዲዮ መርፌው የት ቆሞ እንደመጣ ዝርዝር አምጣ ብለውታል። እስከ ቅዳሜ።»

ጥሩወርቅ ታይፑ ፊት ተቀመጠች። «የጉዞው ምክንያት ምን ይባል ጋሼ?»

«አንቺ የመሰለሽን።»

«ለኮምፒዩተር መለዋወጫ ግዥ» ብላ ጻፈች። አንዱን ወረቀት አበላሽታ ሌላ አስገባች። እሷ ከቅዳሜ በኋላም ቆቦ እንድትቀር ያደረገውን ሰው ከቅዳሜ በፊት የምታሰናብተው እሷ ሆነች። ደብዳቤው ተፈርሞ ማኅተም ሲመታበት ይዛለት ወጣች። አንብቦ አጥፎ ከሸሚዙ ኪስ ከተተው።

«የእናትሽ ሬዲዮ ተሠርቷል። ከፈንታው ጋ አለ። ሰላም በያቸው።»

ሾፌሩ ጥሩንባ ነፋ። ጥሩወርቅ ወደ ዘበኛው ቤት ገብታ ሬዲዮውን አነሣች፤ «አበበች» የሚለው ፕላስተር አልተላጠም። መርፌውን አየች። እናቷ በሩን ዘግተው፣ ጆሯቸውን አስጠግተው፣ ድምፁን አሳንሰው ከሚያዳምጡበት ቦታ ላይ እንደቆመ ነው። ወደ አዲስ አበባ ጣቢያ አልመለሰውም። ስንት ዓመት የአንድ ሰው እንኳ ሳይመልስ ቀርቶ አያውቅም።

ረስቶት ነው? ወይስ ምሥጢር ትጠብቃለች ብሎ አምኗት?

ሬዲዮውን እንዳቀፈች ወደ መንገዱ ሮጠች። «ጋሼ በድረዲን!» አለች። መኪናው የሮቢትን መንገድ ይዞ፣ አቧራውም ሜዳው ላይ መተኛት ጀምሮ ነበር።