ለአባ ዘውዱ ያልኩት «እሺ»

ነገሩ የሆነው በፈረንጆች 2015፣ የስግድ ዕለት ነው። ስግድ የኛ የቤተ እስራኤላውያን የጾምና የጸሎት በዓል ነው፤ አዋቂዎቹ እስከ ከሰዓት ድረስ እህል አይቀምሱም። እኔ ያኔ ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ሃይፋ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል በነርስነት ሥራ ከጀመርኩ ብዙም አልቆየሁም። ከዚያ ወዲህ ስንት በሽተኛ አስታምሜያለሁ፣ የብዙዎቹን ስም ረስቻለሁ። አባ ዘውዱን ግን በየዓመቱ አስታውሳቸዋለሁ።

ያን ሰሞን ብቻዬን አልሠራም ነበር። ስቬታ የምትባል ከሩሲያ የመጣች አንጋፋ ነርስ ከኋላዬ እየተከተለች ታየኛለች። ትምህርት ላይ ሳለሁ መርፌ የምለማመደው በአሻንጉሊት ነበር፤ አሻንጉሊት ደግሞ አይከራከርም፣ አያልበውም። እዚህ ግን ስሳሳት በሽተኛውም ያያል፣ ስቬታም ታያለች። ምኞቴ አንድ ብቻ ነበር፤ «ከእንግዲህ ብቻሽን ሥሪ» እንድትለኝ።

አባ ዘውዱ ሃይፋ አጠገብ ያለችው የቲራት ካርሜል ሰው ናቸው፤ ስኳር አለባቸው፣ እግራቸው ቆስሎ ነው የተኙት። ልጆቻቸው ለበዓሉ በአውቶቡስ ኢየሩሳሌም ሄደዋል። ጠዋት ስገባ በሆስፒታሉ ፒጃማ ላይ ነጭ ነጠላ ደርበው ተቀምጠዋል። እንዴት አማረባቸው ብዬ አለፍኩ።

ቁርስ ቀረበላቸው። ስኳራቸውን ስለካ ከፍ ብሏል። ኢንሱሊኑን አዘጋጀሁ፣ ስቬታ አይታ አረጋገጠችልኝ። ይህ መድኃኒት ቶሎ የሚሠራ ስለሆነ የተወጋው ሰው ወዲያው መብላት አለበት።

«አባ፣ ልክ እንደወጋሁዎት ይበላሉ፣ ቤሰደር?» አልኳቸው፣ በዕብራይስጥ «እሺ?» ለማለት።

«እሺ ልጄ፣ እሺ።»

ወጋኋቸውና ወደሚቀጥለው ክፍል አለፍን።

አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነዘረ። እናቴ ናት፣ ከምትኖርበት ከክርያት ያም። «እንኳን አደረሰሽ! ዛሬስ ጾመሻል ወይስ እንደ አምናው ነው?» አለችኝ። «እማዬ፣ ሥራ ላይ ነኝ» ብዬ ዘጋሁባት። ዘግቼ ግን አባ ዘውዱ ትዝ አሉኝ። ጾም! ነጠላውም ለዚያ ነበር።

ሮጬ ተመለስኩ። አባ ዘውዱ ዳቦውንም እርጎውንም አጠገባቸው ለተኛው ሰውዬ ሰጥተውት፣ እሱ አጣጥሞ ጨርሶታል። እሳቸው ግንባራቸው በላብ ርሷል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል።

«አባ! እበላለሁ አላሉኝም እንዴ?»

«ታዲያ ምን ልበልሽ? ልጅ በበዓል ቀን ስትለምነኝ ፊት ለፊት እንቢ ልበል?»

ስቬታን ጮኼ ጠራኋት። ስንለካው ስኳራቸው ክፉኛ ወርዷል። እሷ ሐኪም ልትጠራና በደም ሥር የሚሰጠውን ስኳር ልታመጣ ስትሮጥ፣ እኔን «ቶሎ ጭማቂ አጠጪው!» አለችኝ። ብርጭቆውን ወደ አፋቸው ሳስጠጋ ፊታቸውን አዞሩ።

«ለታመመ ሰው እኮ የኛ ቄሶችም ይፈቅዳሉ» አልኳቸው።

«ይፍቀዱ። እኔ ወደዚህ አገር ስመጣ በሱዳን በረሃ ስንከራተት እንኳን ይህን ጾም አልፈታሁትም።»

ያን ጊዜ ፈራሁ። ሰውዬው እጄ ላይ ሊያልፉ ነው። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ሁሉ ከጭንቅላቴ ጠፋ፣ እንባዬ መጣ። «አባ፣ የወጋሁዎት እኔ ነኝ። አንድ ነገር ቢሆኑ የምጠየቀው እኔ ነኝ። ለኔ ሲሉ ይጠጡልኝ።»

ቀና ብለው አዩኝ። «አንቺን ያስጠይቁሻል?»

«አዎ፣ አባ።»

«ምነው ይህን ቀድመሽ አትነግሪኝም!» አሉና ብርጭቆውን ከነእጄ ያዙት። ሊጠጡ ሲሉ ግን ቆም አሉ። «የማፈርሰው ላንቺ ስል ነው። ጾሙ ሜዳ ላይ እንዳይቀር የቀረውን አንቺ ትጾሚልኛለሽ።»

እኔ ጠዋት አውቶቡስ ስጠብቅ ቡሬካስ የሚሉትን አይብ የተሞላ ትልቅ ቂጣ በልቻለሁ። እንዲያውም ፍርፋሪው ልብሴ ላይ ሳይኖር አይቀርም። ግን በዚያ ሰዓት ምን ልበል?

«እሺ አባ፣ እሺ» አልኳቸው።

ጭልጥ አድርገው ጠጡ። ሐኪሙ ሲደርስ መንቀጥቀጡ ጋብ ብሎላቸው ነበር።

በኋላ ስቬታ «ላይበላ ለምን እሺ አለ?» እያለች ስትጠይቀኝ ዋለች። የኛ ሽማግሌዎች «እሺ» አንዳንዴ የአክብሮት እንጂ የስምምነት እንዳልሆነ በዕብራይስጥ ላስረዳት ብሞክር አልሆነልኝም። «ብቻሽን ሥሪ» ያለችኝም ከዚያ ብዙ ቆይታ ነው፤ እኔም አልቸኮልኩም።

አባ ዘውዱ እግራቸው ተሽሏቸው፣ መርቀውኝ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ጾሙን ጨረስሽልኝ ወይ ብለው ግን አልጠየቁኝም። ማን ያውቃል፣ የኔም እሺ ምን ዓይነት እሺ እንደሆነ ገብቷቸው ይሆናል።

ከዚያ ዓመት ወዲህ ስግድን እጾማለሁ። እናቴ ጸሎቴ ሰመረ እያለች ደስ ይላታል፤ እኔም ምክንያቱን አልነገርኳትም። ሥራ ብገባም በዚያ ጠዋት ቡሬካስ ቤቱን ሽታው እየጠራኝ አልፈዋለሁ። ይርበኛል፣ ግን ደስ ይለኛል። እሺ ብያቸዋለኋ።